አባይ በረሃን በመኪና መሻገር፦ ከደጀን አፋፍ እስከ ጎሃ ጽዮን

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው 70 ኪሎ ሜትር ያህል በደልዳላ መሬት ሲነዳ ይቆይና ደጀን ላይ ሜዳው ያልቅበታል። ከከተማው ትንሽ እልፍ ሲል መንገዱ ወደ አባይ በረሃ ይገባል። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መውረድ አለ። ከዚያ ድልድዩ። ከዚያ በወዲያኛው በኩል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መውጣት። ደጀንም ጎሃ ጽዮንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ድልድዩ ያለው 1,000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ 1,400 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፣ ወዲያው ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ገደሉን ነው። ገደሉ ግን ማንንም ጎትቶ አያስገባም። ሰው የሚጎዳው በጋለ ፍሬን ነው። ፍሬን የሚግለው ደግሞ ሾፌሩ አፋፉ ላይ ማርሽ ሳይመርጥ ስለገባ ነው። ታች ኩርባው ላይ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ያለቀለት ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ መውረዱ ረዘም አድርጌ አወራለሁ። ስለ መውጣቱ ትንሽ ይበቃል።

መመሪያው የተጻፈው በቪትዝ፣ በኮሮላ፣ በሀይሉክስና በሚኒባስ ለሚሄዱ ነው። የሲኖና የተሳቢ ሾፌሮች ከእኔ የሚማሩት የለም፤ እንዲያውም ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር የእነሱ እውቀት ነው። ከጎሃ ጽዮን በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉንም ገልብጦ ያንብበው። ቁልቁለቱ በሁለቱም በኩል ያው ነው።

1. በዋዜማው መታየት ያለበት

ጋራዥ ገብታችሁ «ፍሬኑን እይልኝ» ብቻ አትበሉ። መካኒኩ ፔዳሉን ሁለቴ ረግጦ «አሪፍ ነው» ይላችኋል። ጎማው ይውለቅና የፊቱ ሸራ ውፍረቱ ይታይ። የኋላው ታምቡርም (የኋላውን ፍሬን ሸራ የሚሸፍነው ክብ ብረት) ይከፈት። ሸራው ሊያልቅ ከተቃረበ ለከተማ ውስጥ ወር ሊያቆያችሁ ይችላል፤ ለአባይ በረሃ ግን አይሆንም።

ቀጥሎ የፍሬን ዘይት። ይህን ማንም አያስታውሰውም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን 300 ዲግሪን ማለፍ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፤ ይታመቃል። ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ወይም እንደ ቡና ከጠቆረ ይቀየር። ወጪው ትንሽ ነው።

ራዲያተሩን፣ ቀበቶውንና ማራገቢያውን የምታዩት ለመውጫው ነው። ጎማ ስኮርታውን ጨምሮ ይታይ። ክሪክና የጎማ መፍቻ ይኑር፤ በረሃው ውስጥ ጎሚስታ ፍለጋ መንከራተት የለም። ሁለት ጀሪካን ውሃ ያዙ፦ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለራዲያተር። አንድ ጥሩ ታኮም (መኪናው እንዳይንከባለል ከጎማ ሥር የሚወተፍ) ያስፈልጋል። ታኮ ከሌለ ድንጋይ ይሠራል፤ ስለ ድንጋዩ ግን በኋላ የምለው አለኝ።

ነዳጅ ደጀን ላይ ወይም ቀደም ብላችሁ ሙሉ። መንገዱ ክፍት መሆኑንም መናኸሪያ ሄዳችሁ የዚያን ቀን ከመጣ ሾፌር ጠይቁ። የትናንት ወሬ አይጠቅማችሁም።

ሰዓቱን በሚመለከት ምክሬ አጭር ነው፦ በቀን ተሻገሩ። ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ አፋፉ ላይ መድረስ ጥሩ ነው። ብርሃኑ ሙሉ ይሆናል፣ ጉም ካለም መነሳት ይጀምራል፣ ታች ደግሞ ሙቀቱ ገና አልበረታም። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ታች ብትደርሱ የሚቀበላችሁ ሌላ አገር ነው። ደጀን ላይ ጋቢ ለብሳችሁ የተነሳችሁ ሰዎች ድልድዩ ጋ ሸሚዝ ይከብዳችኋል። ማታ መውረድ ለምን እንደማይመከር የሚገባችሁ መብራት የሌለው ተሳቢ ኩርባ ላይ ቆሞ ሲጠብቃችሁ ነው።

2. አፋፉ ላይ፦ የሁለት ደቂቃ ሥራ

ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ዳር ያዙ። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ረግጡ፤ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ከያዘና ካልሰመጠ ደህና ነው። የእጅ ፍሬኑን ሞክሩ። መሬት ላይ ሊንከባለል የሚችል ነገር ሁሉ ይነሳ። የውሃ ፕላስቲክ ከፍሬን ፔዳል ሥር ገብቶ ሰው ያደናገጠበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ማርሹን ምረጡ። የድሮ ሾፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ሌላ የተሻለ ሕግ አልተገኘም። ይህን ዳገት በሁለተኛ የምትወጡት ከሆነ በሁለተኛ ውረዱ። ላላ ባለው ቦታ ሦስተኛ ይሆናል። አራተኛና አምስተኛ ለዚህ መንገድ የሉም በሉ።

አውቶማቲክ መኪና ያላችሁ ሰዎች ልብ በሉ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ በጣም የሚሳሳተው የእናንተ ወገን ነው። «ዲ» ላይ አድርጎ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ማቃጠል ነው። የቆዩት ቶዮታዎች «ዲ»፣ «2» እና «ኤል» አላቸው። «2» ላይ አውርዱት፤ በጣም ቀጥ ሲል «ኤል» ይገባል። ማርሹ ላይ የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ካለ ቢያንስ እሱን አጥፉት። አዳዲሶቹ ላይ «ኤስ» ወይም «ቢ» የሚል ታገኛላችሁ። «ቢ» ለዚሁ ለቁልቁለት ተብሎ የተሠራ ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለው ማርሽ ደግሞ በእጅ ዝቅ ይደረጋል። ሁሉም ዓላማቸው አንድ ነው፦ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው።

ኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ መኪናውን የሚይዘውም በዚሁ ነው። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ከሆነ ግን ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ መያዙ በጣም ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ከደጀን ወይም ከደብረ ማርቆስ ስትነሱ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ፤ ቁልቁለቱ የሚሞላው ቦታ ተዉለት። ስታወጡት ግን ከሜዳው ብዙ እጥፍ እንደሚበላ አስቡና ለዚያም የሚበቃ ያዙ።

ሕፃን ካለ ሲወርድ ጡት ወይም ጡጦ ይያዝ። ጆሮ የሚደፈነው በመውረዱ ላይ ነው፣ መዋጥ ደግሞ ይከፍተዋል። ትልቁ ሰው ቆሎ ይቆርጥም። የሚያቅለሸልሸው ሰው ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ሎሚም ይያዝ።

3. ቁልቁለቱ

ለምን ይህን ያህል ስለ ማርሽ እንደምጨቀጭቅ በሒሳብ ላሳያችሁ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 60 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይበላዋል፣ ወይ አራት ትንንሽ የፍሬን ሸራዎች። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ሲሆን ነገሩ ከ1,600 ሊትር በላይ ውሃ ማፍላት ነው። ከፊታችሁ የሚሄደው ከባድ መኪና በሰው እርምጃ የሚንቀሳቀሰው ሾፌሩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

አወራረዱ እንዲህ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ። ሞተሩ ይጮሃል። ይጩህ፤ ምንም አይሆንም። የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ከቀዩ መስመር በታች እስካለ ድረስ ሥራውን እየሠራ ነው። ነዳጅ ይበላል ብላችሁም አትስጉ። ዘመናዊ ሞተር እግራችሁ ከነዳጅ ላይ ተነስቶ መኪናው በማርሽ ሲወርድ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ዜሮ ማርሽ ላይ የሚወርድ ሰው እንዲያውም ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ያቃጥላል፣ በዚያ ላይ ፍሬኑን ያቃጥላል። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድም አለ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን አጋዡ ከሁለት ሦስት መርገጥ በኋላ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። ይህን የሚያደርግ ሾፌር መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ወራጅ አለ በሉ።

ፍሬን ጭራሽ አትርገጡ እያልኩ አይደለም። አረጋገጡ ነው ቁም ነገሩ። ለራሳችሁ ፍጥነት ወስኑ፣ ለምሳሌ በሰዓት 40። መኪናው 40 ሲደርስ ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ 30 አድርሱትና ልቀቁ። ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ቀስ እያለ 40 እስኪመለስ ድረስ ፍሬኑ ይቀዘቅዛል። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ በስሱ እየነኩ መውረድ የዋህነት ይመስላል፤ ፍሬን የሚገድለው ግን እሱ ነው። ሸራው ለአንዲት ሰኮንድ እንኳን አየር አያገኝም። በየደቂቃው ፍሬን መርገጥ ካስፈለጋችሁ ደግሞ ማርሹ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ አንድ ቀንሱ። መቀነስ ያለባችሁም ፍጥነቱ ሳይጨምር ነው። መኪናው ከነጎደ በኋላ ሁለተኛ አልገባም ይላችኋል።

ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ አይቀመጥ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ። ኩርባ ውስጥ ፍሪሲዮን ረግጦ የሚገባ ሰው ለዚያች ቅጽበት ዜሮ ማርሽ ላይ ነው ያለው።

ከደጀን በኩል ስትወርዱ ኩራርን ታልፋላችሁ። ግድግዳውን እያያችሁ ከሄዳችሁ የመሬቱ ቀለም ይለዋወጣል። ላይ ጥቁር ባዛልት ነው። ዝቅ ሲል ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ከሥሩ ጂፕሰምና ሸክላማ ንብርብር፣ ታች ደግሞ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ። ይህን የምነግራችሁ ለጉብኝት ብቻ አይደለም። በእነዚህ ንብርብሮች ላይ የተከመረው ልቅ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ደህና ሲሄድ የነበረ መንገድ በድንገት ይሰምጣል፣ ወይም እንደ ሞገድ ይታጠፋል። የከባድ መኪና ጎማ የቦረቦረው ቦይ ደግሞ ትንሽ መኪናን እንደ ሐዲድ ይዞ ይነዳል። ቦዩ ውስጥ ከገባችሁ መሪውን በኃይል አትንጠቁ፤ ፍጥነት ቀንሱና ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ፍሬን ሲግል ምልክት ይሰጣል። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፦ የተቃጠለ ላስቲክና የጋለ ብረት የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። «የሌላ መኪና ነው» አትበሉ፤ መስኮት ከፍታችሁ አጣሩ። ቀጥሎ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ይይዛል። መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ጭስ ከመጣ ዘግይታችኋል። ከሁለተኛው ምልክት በፊት ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ ጎማውን በታኮ ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ግን በጋለ ታምቡር ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ አትሳቡት። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ አትድፉበት። ረዳቶች ጀሪካን ይዘው ጎማው ላይ ውሃ ሲያፈሱና ጭሱ ቡፍ ሲል ታያላችሁ። ያ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅና ሊጣመም ይችላል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሻይ የመጠጣት ያህል ርካሽ ጥገና የለም።

4. ኩርባውና ከባድ መኪናው

ከኩርባው በፊት ቀንሱ፣ ኩርባው ውስጥ አትርገጡ። መታጠፊያው ካልታያችሁ ክላክስ አድርጉ። በራሳችሁ መስመር ቆዩ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቁልቁለት ላይ መኪናው ወደ ውጭ ይገፋችኋል፣ ገደሉን የሚፈራ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ወደ መሐል ይጠጋል። መሐሉን ተሳቢው ይፈልገዋል። ረጅም ተሳቢ ጠባብ ኩርባ ላይ ሲታጠፍ የእናንተንም መስመር ይዞ ነው የሚዞረው፣ ሌላ መላ የለውም። ከታች ሲወጣ ካያችሁት ከኩርባው በላይ ቆማችሁ አሳልፉት። የሚወጣው ሁልጊዜ ቅድሚያ ይኑረው። የተጫነ መኪና ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ እንደገና መነሳት ይከብደዋል፣ ወደ ኋላ ሊንሸራተትም ይችላል።

ለዚሁ ሲባል ከሚወጣ ከባድ መኪና ኋላ ተለጥፋችሁ አትቁሙ። የሁለት መኪና ቦታ ተዉ።

ብዙዎች የማያስቡት ደግሞ ይህ ነው። ስትወርዱ አደገኛው ከፊታችሁ ያለው ሲኖ ብቻ አይደለም፤ ከኋላችሁ ያለውም ነው። በመስታወት እዩት። እየቀረበ ከመጣ ቀጥተኛና ሰፊ ቦታ ላይ ፍሬቻ አሳይታችሁ አሳልፉት። የእሱ ፍሬን ምን ያህል እንደጋለ አታውቁም፣ በእናንተ ላይ እንዲሞክረውም አትፈልጉም።

መንገድ ላይ የተቆረጠ ቅጠልና ቅርንጫፍ ካያችሁ ወዲያው ቀንሱ። ከፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። እኛ አገር ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ከሚያወጣው ሰው ቅጠል የሚጥለው ይበልጣል። ምልክቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሰውየው መኪናውን ጠግኖ ሲሄድ ቅጠሉንም ድንጋዩንም ትቶት መሄዱ ነው። ከጎማ ሥር የተወተፈ ትልቅ ድንጋይ መሐል መንገድ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ከኩርባ ዞር ሲሉ እሱን ማግኘት ከገደሉ በላይ ያስፈራል። እናንተም ድንጋይ ከተጠቀማችሁ አንስታችሁ ወደ ቦዩ ጣሉት። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

አፋፉ አካባቢ ጭላዳዎች መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ምግብ አትወርውሩላቸው፤ ወደ አስፋልቱ መምጣት የሚለምዱት በዚሁ ነው። ፍየልና አህያ ደግሞ ኩርባ ላይ ማለፍ ይወዳሉ። እረኛው ልጅ ካለ ወደ እሱ ተመልከቱ፤ ከብቱ ወዴት እንደሚያመራ እሱን አይታችሁ ታውቃላችሁ።

5. ፍሬን እምቢ ካለ

አንብባችሁ እንዳትረሱት በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሞተር አታጥፉ፣ ቁልፍም አትንቀሉ። ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡ። ዘይቱ ፈልቶ ከሆነ አንዳንዴ ግፊቱ ትንሽ ይመለሳል። ይህ ለትንሽ መኪና ነው። በንፋስ ፍሬን ለሚሠራ ትልቅ መኪና ደጋግሞ መርገጥ ያለውን ንፋስ መጨረስ ነው።

ወዲያው ማርሹን ዝቅ አድርጉ፣ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ። አውቶማቲክ ከሆነ ወደ «2» ከዚያ ወደ «ኤል»።

የእጅ ፍሬኑን ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ቀስ በቀስ ሳቡት። ቁልፉን የምትጫኑት የኋላው ጎማ ሊንሸራተት ሲል ወዲያው እንድትለቁት ነው። በአንድ ጊዜ ከተሳበ መኪናው ይዞራል።

ክላክስ፣ መብራት፣ የአደጋ ፍሬቻ፣ ሁሉም ይብራ፣ ይጩህ።

ይህ ሁሉ ካልበቃ መኪናውን መሥዋዕት አድርጉ። በተራራው በኩል ያለውን ቦይና ግድግዳ በጎን እያሻሻችሁ አቁሙት። ተራራው በቀኝ ሲሆን ይህ ይቀላል። በግራ ሲሆን የሌላውን መስመር መቁረጥ ስላለ አስቀድማችሁ ፊት ለፊት ማንም እንደሌለ እዩ። ቁጥቋጦ፣ የአሸዋ ክምር፣ ወደ ላይ የሚወጣ የእግር መንገድ፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል። ቆርቆሮ ይገዛል። ውሳኔው ግን ፍጥነቱ 40 ሳለ ነው መወሰን ያለበት፣ 80 ከሆነ በኋላ ግድግዳውም አያቆማችሁም።

6. ድልድዩ ጋ

ታች የምታገኙት ትልቁ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ነው። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። አሮጌው ድልድይ ከጎኑ ይታያል። ድልድዩ ላይ አትቁሙ፣ ስልክ አውጥታችሁም ፎቶ ማንሳት አትጀምሩ። ጥበቃ ያለበት ቦታ ነው፤ ዘመድ ጠይቃችሁ ስትመለሱ ጥያቄ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ድልድዩን አልፋችሁ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ቁሙ። እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ጠጋ አድርጉ፣ አትንኩት። አራቱም ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ብቻ እሳት ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል፤ ሳታሳዩት ወደ ላይ አትሂዱ። ጎማው ጠጠር ሆኖብናል ብላችሁ ንፋስ አታራግፉ፤ ላይ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ውሃ ጠጡ። ሞተሩም ትንሽ ይረፍ።

7. ዳገቱ

ከዚህ በኋላ ፍሬኑ ያርፋል፣ ተራው የራዲያተሩ ነው። አየሩ የሚሞቀው፣ ሞተሩም የሚለፋው እዚሁ ታች ነው። ኤሲ አጥፉ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ያዙና አትቸኩሉ። ሞተሩ እየተንገዳገደ ካቃሰተ ማርሹ ከብዶታል፣ ቀንሱለት።

ዓይናችሁ የሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን። መርፌው ከመሐል ወደ ላይ ሲጀምር የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። በዚያ ሙቀት ማሞቂያ መክፈት እብደት ይመስላል፤ ግን የሞተሩን ሙቀት ቀንሶ ወደ እናንተ ያመጣዋል። መስኮት ከፍቶ መቻል ነው። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይበርድ ጨርሶ አትክፈቱ። ክረምት ከበጋ እጁን ፊቱን የተቀቀለ ረዳት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ላይ ስትቃረቡ ሞተሩ የደከመ ይመስላችኋል። አልተሳሳታችሁም። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ሞተር 2,500 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል። ስለዚህ አፋፉ አካባቢ ከባድ መኪና ለመቅደም የምታሰሉት ርቀት ከሜዳው በጣም የረዘመ ይሁን። ፍልቅልቅን አልፋችሁ ቀጥ ያለ ቦታ ሲገኝ ሁሉም ሰው በአንዴ መቅደም ያምረዋል። ሦስት መኪና ተከታትሎ ሲወጣ አራተኛ አትሁኑ።

8. ክረምትና ጉም

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነገሩ ይለወጣል። አፋፉ በደጀንም በጎሃ ጽዮንም በኩል በጉም ይዋጣል፣ ታች ግን ጠርቶ ይሆናል። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ጉሙ እንደ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ብርሃኑን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ይተፋዋል። አጭሩን አብሩ፣ የቀኙን የመንገድ ጠርዝ ተከትላችሁ ሂዱ። የአደጋ ፍሬቻ እያበሩ መንዳት ደግሞ ወዴት እንደምትታጠፉ ይሸፍናል፤ ስትቆሙ ብቻ ተጠቀሙበት። ጉሙ ከአምስት ሜትር በላይ የማያሳይ ከሆነ ደጀን ላይ ቁርስ ብሉ። አንድ ሰዓት ብትጠብቁ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ዝናብ ሲዘንብ ከግድግዳው የወረደ ጭቃ አስፋልቱ ላይ እንደ ሳሙና ይሆናል። ጠጠር እየተንጠባጠበ ከሆነ፣ ወይም ከግድግዳው ትናንት ያልነበረ ድፍርስ ውሃ የሚፈልቅ ከሆነ፣ እዚያ ሥር አትቁሙ። አስፋልቱን አቋርጦ የሄደ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ ወርዳችሁ ሳታዩ አትለፉ። ናዳ መንገዱን ዘግቶ ሰልፍ ከተፈጠረ በግራ በኩል ሰልፉን ቀድማችሁ አፍንጫው ላይ አትሰኩ። ሁለቱም ወገን እንዲህ ካደረገ መንገዱ ቢጠረግም ማንም ማለፍ አይችልም።

ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ መኪናውን ወዲያው አታጥፉት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በስራ ላይ ይቆይ፣ በተለይ ተርቦ ካለው። የራዲያተር ውሃውን የምታዩት ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ ነው። ከቤት ከደረሳችሁ በኋላ ፔዳሉ ከድሮው ዝቅ ብሎ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ፍሬን ስትረግጡ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ዲስኩ ተጣሟል ወይም ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። ለመመለሻው ከመነሳታችሁ በፊት ዘይቱ ይቀየር፣ አየሩም ይውጣለት።